የመንበሩ ድርሻ

በአንድ ገበታ በልተው ሲያበቁ ሒሳብ የሚካፈሉ ሰዎች ወዳጆች አይደሉም። ይህ የጎጃም ፍርድ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ሁለት ሰዎች ጠጅ ቤት ገብተው ከጠጡ አንዱ ይከፍላል፤ ሌላው ለከርሞም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። የጠጣውን አስቦ ድርሻውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ንፉግ ነው፣ ወይም ከነገ ጀምሮ አብሮ ለመቀመጥ ሐሳብ የለውም። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ጠጅ ቤቶች የማዕዱ መጨረሻ ዘወትር ሙግት ነበር። «በሞቴ!» «እኔ ቆሜማ አይሆንም!» «አንተ ከከፈልህ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» እየተባለ፣ ገንዘብ የያዘ እጅ ከእጅ እየታገለ፣ በመጨረሻ አንዱ አሸንፎ ይከፍላል። የተሸነፈው ተቆጥቶ ይወጣል፤ ቁጣውም ከጨዋነት ይቆጠርለታል።

ከዚህ ፍርድ ጎን ሁለተኛ ፍርድ ቆሟል፤ በሙግቱ ላይ አብልጦ የጮኸው አብልጦ ቸር ነው የሚል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በነበረበት ዘመን በአንዲት ሴት ቤት የሆነውን የሚያውቅ ሰው ግን ሁለቱንም ፍርዶች እንደገና ለመመርመር ይገደዳል።

ሴቲቱ የብርጓል ትባላለች። በደብረ ማርቆስ ዳር ተወልዳ፣ ሮብ ገበያ ወደምትባል አገር ተድራ፣ ልጅ ባለመውለዷ ተፈትታ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። እናቷ ስትሞት ሁለት ነገር ተወችላት፤ ከገበያው በታች ያለውን ቤትና በማርያም ማኅበር ውስጥ የነበራትን ቦታ። ቤቱን ወዲያው ጠጅ ቤት አደረገችው፤ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትምና። የማኅበሩን ቦታ ግን አላገኘችውም። ማኅበርተኞቹ «የእናትሽን ተራ ለማንም አንሰጥም፤ ጠጅ መሸጡን በተውሽ ቀን መጥተሽ ትይዢዋለሽ» አሏት። ከዚያ ወዲህ የብርጓል የምትኖርለት ነገር አንድ ሆነ፤ ለእርጅና የሚበቃትን ያህል ይዛ፣ ጠጅ ቤቱን ዘግታ፣ በእናቷ ቦታ ጽዋ ማንሣት። ባልም ልጅም ለሌላት ሴት ማኅበር ማለት ስትታመም የሚጠይቃት፣ ስትሞት የሚያለቅስላት ሰው ማለት ነው።

ጻድቅ ሆና አልኖረችም። ጠጁን ውኃ ታቀምሰው ነበር፤ የሰከረ ሰው ሲከፍልም መልሱን ለመስጠት አትቸኩልም ነበር። የጠላት ወታደሮች ሲመጡ በሯን አልዘጋችባቸውም፤ ቀድታላቸዋለች፣ ዋጋውንም ተቀብላለች። ይህን የሚያስተባብል የለም። አንድ ነገር ብቻ አታደርግም ነበር። ወታደሮቹ እንደ አገራቸው ልማድ ለየራሳቸው ከከፈሉ በኋላ ጉርሻ ነው ብለው ሳንቲም ወለሉ ላይ ይጥሉላት ነበር። የብርጓል እነርሱ እያዩ ጎንበስ ብላ አታነሣም። ሲወጡ ጠርጋ ለቆሎ ተማሪ ትሰጠው ነበር።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ጎጃም ሲሸፍት፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ለገቡት አርበኞች ጨውና ጥይት የሚገዛ ገንዘብ ከከተማ መውጣት ነበረበት። ከሚያዋጡት መካከል ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ በየብርጓል ቤት የሚገናኙ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ደምለው ነው፤ የበቅሎ ነጋዴ፣ በዕድሜም በክብርም የሁሉ አባት። ሁለተኛው ኮርቻ ሠሪው እንዳላማው ነው፤ ቃሉ ጥቂት፣ እጁ ወፍራም። ሦስተኛው የቆዳ ነጋዴው መንበሩ ነው። እያንዳንዳቸው የበሉበትንና በላዩ እኩል መዋጮ ለየብርጓል ይሰጣሉ። እርሷ የምግቡን ዋጋ ታስቀርና ትርፉን ይዛ፣ ማርና ጌሾ ልትገዛ የምትሄድ መስላ ሮብ ገበያ ለሚገኘው ለደምለው ወንድም ታደርሳለች።

መጀመሪያ ላይ ድርሻቸውን በግልጥ ቆጥረው ገበታው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ይህን ያየ ሰው ነበር። ስሙ ፈንታ ነው፤ ሥራው በየጠጅ ቤቱ ተቀምጦ የሰማውን ለጣሊያን ማድረስ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እርሱም አይደብቀውም።

«አያ ደምለው!» አለ አንድ ቅዳሜ ከጥግ ብርሌውን ከፍ አድርጎ። «ምነው እንደ ፈረንጅ ለየራሳችሁ መክፈል ጀመራችሁ? ተጣላችሁ እንዴ?»

«ምን እባክህ ልጄ፣ በቅሎ ሞተችብኝና እጅ አጠረኝ።»

«የሦስታችሁም በቅሎ ሞተች?»

ቤቱ ሳቀ። ደምለውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዘገየ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሰው ሳይሞላ የብርጓል ሦስቱን ይዛ ጮኸችባቸው። «እናንተ ሰዎች ልታሰቅሉኝ ነው የመጣችሁት? ጎጃሜ ቁጭ ብሎ ድርሻ ሲቆጥር ማን አይቶ ያውቃል? ብትፈልጉ ተፈነካከቱ እንጂ እንዲህ አትካፈሉ!»

«ታዲያ እንዴት እንክፈል?» አለ እንዳላማው።

«እንደ ወትሯችሁ ነዋ! ማሉ፣ ተገፋፉ! እኔ ነጠላዬን እዘረጋለሁ፤ በግፊያው መካከል ሁላችሁም ጭብጣችሁን ክተቱበት። ለሚያይ ሰው አንዱ ከፍሎ ሁለቱ የተሸነፉ ይመስላል።»

ደምለው ጢሙን ዳሰሰ። «እኔስ መማሉን አላጣውም፤ እንዳላማውም መግፋቱን ይችላል። ይኼ መንበሩ ግን ድምፁ የጫጩት ነው፤ ማን ብሎ ያምነዋል?»

«ቆይ አያ ደምለው፣ ዛሬ ይሰሙኛል» አለ መንበሩ።

እውነትም ተሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ መንበሩ የሚጮህ አልተገኘም። ጋቢውን ጥሎ ይነሣል፤ «በሞቴ አያ ደምለው፣ እኔን ይቅበሩኝ!» ይላል፤ የእንዳላማውን ክንድ በሁለት እጁ ይዞ ይንጠለጠላል። ፈንታ ራሱ «ይህስ ሰው ነው» ብሎ አመሰገነው። ወደ ነጠላው የሚገቡትን ሦስት እጆች በእጇ የምትቀበለው የብርጓል ግን ከሦስቱ አንዱ፣ የመንበሩ፣ ባዶ መሆኑን አወቀች። የመጀመሪያውን ቀን ቸግሮት ይሆናል ብላ አለፈችው። በሚቀጥለውም ባዶ ነበር። በሦስተኛው ከእጁ ጋር ታግላ ጣቶቹን ፈለቀቀቻቸው፤ ምንም የለም፤ እርሱ ግን ላቡ እስኪንጠባጠብ ይጮሃል።

በማግሥቱ ከሰዓት ብቻውን ሲመጣ ብርሌውን አስቀምጣ አጠገቡ ቆመች።

«መንበሩ፣ እጅህ ባዶ ነው።»

«ቀስ በይ እባክሽ!»

«ማንም የለም። ትናንትም ባዶ ነበር፤ ከዚያ በፊትም።»

ፈገግ አለ። «የኔ ድርሻ እኮ ጩኸቱ ነው። ፈንታን ያሳመነው ማን ሆነና?»

«በጩኸት ጨው አይገዛም።»

«ስሚኝ እታለሜ። ቆዳ እንደ ድሮው አይሸጥም። ልጆች አሉኝ። አንቺ ምን አለብሽ፣ ለብቻሽ ነሽ።»

«እንዲያ ከሆነ ለአያ ደምለው ንገረው። ችግርህን አይቶ ያነሣልሃል።»

ይህን ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ። «እንዳትነግሪው! በማርያም! የጨሞጋውን ሰውዬ ታውቂው የለም?»

ታውቀዋለች። በዚያው ወራት ከሌላ ወገን የሚያዋጣ አንድ የእህል ነጋዴ መዋጮ አቋርጦ «የሚያቋርጥ ሰው ከጣሊያን የሚከፈለው ነው» ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ወደ ጨሞጋ ወንዝ ወስደውት አልተመለሰም። ገንዘቡ ለሚስቱ ሕመም እንዳለቀ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ደምለው ይህን ሲሰማ አዝኗል፤ ያቋረጠ ይሞታል የሚለውን ሕግ ግን አልለወጠም።

መንበሩ ግን ችግረኛ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥማድ በሬ ገዝቶ ደብረ ወርቅ ባለ ዘመዱ ዘንድ እንዳኖረ ኋላ ታውቋል። የብርጓል ይህን አታውቅም ነበር። የምታውቀው ጉድለቱ ከተሰማ ሰውየው እንደሚገደል ብቻ ነው። ስለዚህ ድርሻውን እርሷ ሞላችው። ያን ቅዳሜም፣ ከዚያ በኋላ በመጡት ቅዳሜዎችም ሁሉ ሞላችው።

እዚህ ላይ ልናደንቃት መቸኮል አይገባም። ደምለውና እንዳላማው ሕይወታቸውን አስይዘው ከማን ጋር እንደተቀመጡ ማወቅ ይገባቸው ነበር፤ እርሷ ነፈገቻቸው። መንበሩ ንፉግ ብቻ ሳይሆን የፈንታ ጆሮ ቢሆን ኖሮ፣ ርኅራኄዋ ሁለቱን ሰዎች ገደል ይሰድዳቸው ነበር። እንዲያ አለመሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ሆኖም አንድን ሰው ለሞት አሳልፎ ላለመስጠት ከራሷ ከፍላለች። ሌላው ሰው በዚያ ገበታ ላይ ያደረገው ከዚህ አይበልጥም።

የከፈለችው ከምን ነው? የጠጁ ትርፍ ስስ ነበር። ለማኅበሩ ቀን ያስቀመጠችው ጥቂት ጥሪት ቶሎ አለቀ። ከዚያም ከወለል የማታነሣውን ገንዘብ ማንሣት ጀመረች። አንድ የጣሊያን አሥር አለቃ ይህ ለውጥ አስደስቶት ሊሬውን አንድ ጊዜ ከመጣል ይልቅ እየበተነ ይጥል ጀመር። እርሷ ጎንበስ ብላ ስትለቅም ወታደሮቹ ይስቃሉ። በደጅ የሚያልፉ የገበያ ሰዎች ይህን አዩ። የቆሎ ተማሪዎቹም ድርሻቸው ስለቀረባቸው አዩ። ያየ ሁሉ ተናገረ።

የከፋው ከፋሲካ በኋላ በዋለ ቅዳሜ መጣ። ሦስቱ በልተው ጨርሰው ሙግታቸውን ሲያካሂዱ ፈንታ ከጥጉ ተነሥቶ መጣና፣ ነጠላዋን ሰብስባ ስትዞር የቋጠረችውን ጫፍ ያዘ።

«የአንድ ገበታ ዋጋ እንዲህ ይከብዳል?» አለ።

ቋጠሮው ተፈታ። ሊሬውም ጠገራ ብሩም ወለሉ ላይ ተንኳለለ። የወደቀው ገንዘብ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢጋብዝ ከሚከፍለው እንደሚበልጥ ለማንም ግልጥ ነበር። የደምለው ቀኝ እጅ ወደ ጋቢው ውስጥ ሲገባ የብርጓል አየች፤ እጁ በሽጉጥ ከተመለሰ በዚያ ቤት ካሉት በሕይወት የሚወጣ ጥቂት ነው።

«ምነው ፈንታ፣ ቀናህ እንዴ?» አለች።

«ምኑን ነው የምቀናው?»

«ሴት ብቻዋን ስትኖር ወንድ ለምን አትርፎ እንደሚሰጣት አታውቅም? ምግቡ በሊሬ ነው፤ ሌላው በብር ነው። የሦስቱም እንደዚሁ። ተራህን ያዝ፣ ላንተም ይደርስሃል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፈንታ ቀላ፤ ሳቁ ወደ እርሱ መዞሩ አበሳጨው። «የሦስቱም? እኚህ ሽማግሌም?»

«ሽማግሌ ነው ብለህ ነው? እሱን ጠይቀው!»

ደምለው እጁን ከጋቢው ባዶውን አወጣ። አንገቱን ደፍቶ «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ፣ በእርጅናዬ አታዋርጂኝ» አለ። እፍረቱ የእውነት ነበርና ፈንታ አመነ። እንዳላማው ግድግዳውን ያያል። መንበሩ ግን እየሳቀ በጭኑ ላይ አጨበጨበና፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ «እኔስ ከሁሉም በርካሽ ነው ያገኘኋት!» አለ።

ይህን ቃል ለማስመሰል ብቻ ተናገረው ለማለት ይቻላል። ማስመሰል ያስፈልግም ነበር። ነገር ግን ሴቲቱ ስሟን እዚያው ስትጥል እያየ፣ በእርሷ ገንዘብ የተሸፈነ ሰው ከሁሉ አስበልጦ የሳቀበትን ሳቅ አስፈላጊነት ብቻውን አይገልጸውም። ፈንታ ጎንበስ ብሎ ብሩን ለቅሞ «ይህ ለኔ ጉርሻ ይሁን» ብሎ ወጣ። የብርጓል ያን ሳምንት የሦስቱንም መዋጮ እንደገና ሞላች።

ወሬው በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ማኅበሩ ጋ ደረሰ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ የእናቷ ወዳጅ የነበረችው ሥራነሽ ፊቷን በነጠላ ሸፍና መጣች።

«የብርጓል፣ ውሸት ነው በይኝ። አንድ ቃል በይኝና እኔ ለሁሉም እነግራለሁ።»

የብርጓል ገንቦ ታጥብ ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ለእናትሽ ስትይ ልጄ! ቦታዋ እኮ እስካሁን ባዶ ነው።»

«ያልሁትን ብያለሁ፣ እማማ ሥራነሽ።»

ሴትዮዋ እያለቀሰች ሄደች። እውነቱን ለእርሷ መንገር ለከተማው መንገር ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ደምለውና እንዳላማው ከከተማ ጠፍተው ጮቄ ገቡ። ደምለው ከወንድሙ ጋር በአንድ ውጊያ ወደቀ። እንዳላማው ዋሻ ውስጥ በንዳድ ሞተ፤ ሲያጣጥር ራሱን ደግፎ የያዘው ቀድሞ ኮርቻ የሠራለት ሰው ልጅ ነበር ይባላል። ሒሳብ የተካፈሉት እነዚህ ናቸው። በየብርጓል ነጠላ ውስጥ ምን ይገባ እንደነበር ከእርሷ በቀር በሕይወት ካሉት የሚያውቅ መንበሩ ብቻ ቀረ።

ጣሊያን በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ሲወጣ መንበሩ የማርያም ማኅበር ሙሴ ሆነ። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ተራ የሚያስከብር፣ ክርክር የሚዳኝ። በጠላት ዘመን ለአርበኞች ያዋጣ እንደነበር ራሱ ይናገር ነበር፤ የሚያስተባብለው ሰው አልነበረም፤ ድምፁም በደንብ ይሰማል።

የብርጓል ጠጅ ቤቱን ዘጋች። ጋኖቹን ሸጣ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ በማርያም ቀን ወደ ማኅበሩ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ የእናቷን ቦታ ጠየቀች። ጉምጉምታ ተነሣ። «ሊሬ ከመሬት ስትለቅም በዓይናችን አይተናል» አለ አንዱ። «ገላዋን እንደምትሸጥ በገዛ አፏ ተናግራ!» አለች ሌላዋ።

የማኅበሩ ንስሐ አባት አባ ወልደ ሰንበት ግን ቸኩለው የሚፈርዱ ሰው አልነበሩም። እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና ወደ ሙሴው ዞሩ።

«መንበሩ፣ በዚያ ዘመን በቤቷ ትቀመጥ እንደነበር ይነገራል። ስለዚህች ሴት የተባለው እውነት ነው? አንተ አይደለም ካልህ ለእኛ ይበቃናል።»

ፈንታ በዚያን ጊዜ አገር ጥሎ ጠፍቷል። ጣሊያን የለም። ደምለው የለም። እውነቱን መናገር ሕይወት የሚያስከፍልበት ዘመን አልፏል፤ አሁን የሚያስከፍለው ጥቂት እፍረት ብቻ ነው። መንበሩ ግን ገንዘቡ ለምን እንደሚሰበሰብ ቢናገር የራሱ ድርሻ የት እንዳለ ሊጠየቅ እንደሚችል አሰበ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባ፣ እኔ የበላሁበትን ሒሳብ ከፍዬ እወጣ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ ሌላ የማውቀው የለም።»

ካህኑ ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ። «አንቺስ ልጄ? የምትመልሺው አለሽ?»

የብርጓል መንበሩን አየችው፤ እርሱ የዳቦውን ሙዳይ ያያል። ልትናገር ትችል ነበር። ሆኖም ባደገችበት ሥርዓት ለሌላ ሰው የከፈለ «ከፍዬልሃለሁ» አይልም፤ ካለ ግብዣው ስድብ ይሆናል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ለወዳጆች ገበታ ነው። እርሷ ለማይገባው ሰው ጠበቀችው፤ በጥፋቷም ላይ ይህን ጥፋት ጨመረች።

«ሒሳቡስ ጎድሎ አያውቅም፣ አባ» አለች። ጠላውንና ዳቦውን ደፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው ያመጣው ወደ ማዕድ አይገባምና፣ ለደጀ ሰላም ነዳያን ተሰጠ። የእናቷን ቦታ በዚያው ዕለት ሌላ ሴት ያዘችው።

ቤቱን ሸጣ ወደ ሮብ ገበያ ወጣች። ጥጥ እየፈተለች ብዙ ዓመት ኖረች። ስትታመም የሚጠይቃት ማኅበር አልነበራትም፤ ጎረቤት ሲያስታውስ ይጠይቃታል። አንድ ዓመት፣ እህል በተወደደበት ክረምት፣ ከደብረ ማርቆስ በአህያ ተጭኖ አንድ ስልቻ ጤፍ መጣላት። ላኪው መንበሩ ነው። ነጂው «ሰላም በልልኝ ብሏል» አላት። መልሳ ትሰድደው ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል፤ ተቀበለችው፣ ፈጭታም በላችው፤ ርቧት ነበርና። መንበሩም ጤፉን ከላከ ወዲህ ልቡ እንዳረፈለት ለዘመዱ ተናግሯል።

ጤፉ የጥቂት ቅዳሜዎችን ድርሻ ያህል ይሆናል። በአባ ወልደ ሰንበት ፊት ግን መንበሩ ለየብርጓል አንድ ቃል ዕዳ ነበረበት፤ «አይደለም» የሚል። ሳይከፍላት ሞተች።